ኮምፕሬሰሩ ሲቆም

ይህ ተራራ ድሮ ጭቃ ነበር። ምድር ዋጠችው፣ አጋለችው፣ ተጫነችው፤ ንጣፍ በንጣፍ አድርጋ መለሰችው። ሺስት እንለዋለን። በንጣፎቹ መካከል ያለው ማይካ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ወርቁን የያዘው ነጭ ድንጋይ ደግሞ፣ ጠንካራው አለት ሞልቶ ሳለ፣ እዚህ የማይታመነው ሺስት ውስጥ ነው የተሸጎጠው። እኔ ጂኦሎጂስቷ ወርቁ የት እንዳለ አሳያለሁ፣ ቆፋሪዎቹ ይገባሉ። እንጀራዬ ይኸው ነው፤ አሁን አሁን ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል።

ዋሻው ውስጥ ናዳ ሲወርድ የእህቴ ባል ከፍርስራሹ ወዲያ ቀረ፤ ያ "የድንጋይ ሐኪም" እያለ የሚያበሽቀኝ ሰውዬ። ወደ ዋሻው ያዘነበለ ንጣፍ ነውና፣ ፍርስራሹን በጠረጉት ቁጥር ከላይ ሌላ ይንሸራተታል። ጠዋት አንዱ ቆፋሪ እግሩ ተቀጥቅጦ ወጣ። ጓደኞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የእህቴ ባል ከወዲያ ሆኖ ከውጭ የሚገባውን የውሃ ቱቦ ሲያንኳኳ እየሰሙ እንዴት ብለው ይተዉት?

የቆፋሪዎቹ አለቃ ወደ ጎን ሳበኝ።

"ጣሪያው ይይዛል?"

በመብራቴ አየሁት። ጠዋት ጥፍር የማያስገባው ስንጥቅ ጣቴን ዋጠው። ከሥሩ ሰዎች አጎንብሰው፣ ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር በሚገፋው አየር በሚሠራ መሰርሰሪያ ይቆፍራሉ።

"አይይዝም። አስወጣቸው። በዚያኛው ጎን፣ በጠንካራው አለት እንግባ።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ሳምንታት።"

ቀና ብሎ አላየኝም። የግድግዳውን ስልክ አንስቶ "ኮምፕሬሰሩን አቁሙት" አለ።

ውጭ ስወጣ በሩ ላይ የሠፈሩ ሴቶች እልልታ ተቀበለኝ። ለካ ሰው በታፈነ ጊዜ ኮምፕሬሰር የሚያቆሙት ሲደርሱበት ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። እህቴ ደረቅ ልብስና ብርድ ልብስ ታቅፋ እየሮጠች መጣች።

"በእግሩ ነው የሚወጣው ወይስ በቃሬዛ?"

"እትዬ…"

"ንገሪኝ እንጂ! ምን ይዘጋሻል?"

"አልደረሱበትም። እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። ጣሪያው ሁሉንም ሊጨርሳቸው ነው።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ልብሱን መሬት ላይ አኖረችው።

"በሕይወት አለ?"

መዋሸት አቃተኝ።

"ያንኳኳ ነበር።"

ቱቦው በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ ውሃው ታንከር ይሄዳል። ተንበርክካ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ከዚያ ድንጋይ አንስታ መታችው፣ ደገመችው። ሴቶቹ እልልታቸውን ዋጡ።

እኔም ጎንበስ ብዬ ሰማሁ። ከውስጥ መለሰላት። ጠዋት እንደነበረው ዝግ ብሎ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ፣ ደስ እንዳለው ሰው። ኮምፕሬሰሩ መቆሙን እሱም ሰምቷል።