የሐሙሲቱ ቢጫ

ታናሽ እህቴ ሠናይት ልትዳር አምስት ቀን ሲቀራት ደወለችልኝና አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ወርቅ አላለችም፣ ጫማ አላለችም።

«እቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ጥፍሬም ዓይኔም ደማቅ ቀለም ይኑረው» አለችኝ።

ለምን አንድ ቀን እንዳለች ገብቶኛል። የምታገባው ዲያቆን ነው። ምሕረትአብ ይባላል፤ ወንዛዬ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ እግዜር ሲፈቅድ ደግሞ ቄስ ይሆናል። ባገራችን የቄስ ሚስት ነጭ ነጠላና ጥቁር ኩል ይበቃታል፤ ቢበዛ ለበዓል እጇን እንሶስላ ትሞቃለች። ለሠናይት የቀረቻት ቀለም የምትቀባባት ቀን ከአባቷ ቤት ሳትወጣ ያለችው ብቻ ናት።

እህቴን ለማያውቅ ሰው ይኸ ቅብጠት ይመስለዋል። ልጆች ሆነን አበባ እየቀነጠስን በምራቅ ጥፍራችን ላይ እንለጥፍ ነበር። እኔ አንድ ሩጫ ሮጬ አራግፈዋለሁ፤ እሷ ግን እንዳይረግፍባት እጇን ዘርግታ እንደ ታመመ ሰው ተቀምጣ ትውላለች። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሰግድ እሷ አፏን ከፍታ የግድግዳውን ሥዕል ታያለች። አንድ ቀን እናታችን ቆንጥጣ ምን ላይ እንዳፈጠጠች ብትጠይቃት፣ «ቀለሙ ላይ» ብላ መለሰች። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር።

እኔ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ከተማ በረንዳ ተከራይቼ ሹሩባ እሠራለሁ። የደወለችው ማክሰኞ፣ ሰርጉ እሑድ፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። ረቡዕ ሥራዬን ጥዬ ከተማውን አካለልኩት። በየሱቁ ያለው ሁሉ ቡኒ ነው፣ ፈዛዛ ሮዝ ነው፣ ሻይ በወተት የመሰለ ነገር ነው። ደማቅ የያዘ አንድ ሱቅ ባገኝ፣ ባለቤቱ አውራ ጣት ለምታህል ጠርሙስ የጠራው ዋጋ ዶሮ ይገዛል። ወርቅ በጥብጠህበት ነወይ ብዬው ወጣሁ። በንዴት ተቃጥዬ ስመለስ ግን አንዲት ደንበኛዬ መላ አመጣችልኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ ሸራ ዘርግታ የጥፍርና የዓይን ቀለም በርካሽ የምትሸጥ ሴት አለች አለችኝ። ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሐሙሲት ገበያው ግጥም ብሏል። ሽንኩርቱን፣ ጤፉን፣ እግሯን ታስራ የምትንጫጫውን ዶሮ ሁሉ አልፌ ሸራዋን ሳይ ልቤ ዘለለ። ቢጫው የኑግ አበባ ነው። ሰማያዊው የተልባ አበባ ነው። ቀዩ ገና ያልደረቀ በርበሬ ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ ዝናብ የጠገበ የገብስ ቡቃያ። ለዓይን የሚሆነው በጠፍጣፋ ሣጥን አሥራ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተደርድሯል፤ በክዳኑ ላይ መስታወት አለው። ዋጋውን ስጠይቅ አንዷ ጠርሙስ ከሁለት ስኒ ሻይ አትበልጥም። የሰማሁትን ስላላመንኩ ሁለተኛ ጠየቅኋት፤ ሴትዮዋ የደነቆርኩ ሳይመስላት አልቀረም።

ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። አንድ ጋቢ የደረበ ወጣት ሹራብ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ሸራው ዳር ቁጢጥ ብሏል። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ፀሐይ ያያቸዋል። በአንድ እጁ ሰማያዊ፣ በአንድ እጁ ቢጫ ይዞ ወደ እኔ ዞረና ይኸ ነገር ሲደርቅ ይላጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ላንተ ጥፍር ነው ወይ አልኩት። እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ግን ዓይኔ ቢጫዋ ላይ ነበር፤ ሸራውን ባገላብጠው ሌላ ቢጫ የለም።

ባገራችን «ለሙሽራ ነው» የተባለ ነገር አይነፈግም። እሷን ቃል ተናግሬ ቢጫዋን ከጣቶቹ መካከል ሳብኳት። ፈገግ ብሎ ለቀቀልኝ፤ ጋብቻዋን ይባርክላት ብሎም መረቀ። ሰማያዊዋን ገዝቶ ከሄደ በኋላ ነው ሌላ ሰማያዊም እንደሌለ ያየሁት። ምርቃቱን ረስቼ ከኋላው ረገምኩት። ስድስት ጠርሙስና የዓይኑን ሣጥን በመሐረብ ቋጥሬ በሚኒባስ ስመለስ ግን እርግማኑንም ረሳሁት፤ ወረታ እስክንደርስ ሦስቴ ፈትቼ አየኋቸው።

ቅዳሜ ከጋፋት ማዶ ካለው ቤታችን ገባሁ። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ ሴቱ ሁሉ ጉድ ጉድ ይላል። ሠናይትን ጓዳ አስገብቼ መሐረቡን ፈታሁላት። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ እያስጠጋች ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ።

እናታችን ዓለሚቱ ብቅ ብላ የነገውን ቁርባን አስታወሰችኝ። ተክሊል ነው፤ ሙሽሮቹ ሳይቆርቡ ጋብቻ የለም። እኔ መልሱ አፌ ላይ ነበር። አያታችን አመተማርያም በተክሊል ስትዳር እጇ እንሶስላ ሙቆ እንደነበር ራሷ እናቴ ነች ያጫወተችኝ፤ እንሶስላም ቀለም፣ ይኸም ቀለም አልኳት። እናቴ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። እኔን ተከራክሮ የረታ ሰው የለም፤ ጉዳቱም ለራሴ ነው።

አሥሩን የእጅ ጥፍር ጎን ለጎን ያሉትን ሳላመሳስል ቀባሁ። ለዓይኗ አረንጓዴ አደረግሁ፤ ጫፍ ጫፉን ወርቅማ ነካ አደረግሁበት። ሠናይት እጇን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ልክ እንደ ልጅነታችን። የሠፈሩ ሴት ሁሉ ሥራውን እየጣለ መጥቶ አየ። እኔም ደስታዬ ጣራ ነክቶ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ትንሿን ጣት ቀባሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የነፍስ አባታችን አባ መዝገቡ የመጨረሻ ምክር ሊሰጧት መጡ። ሠናይት መስቀል ልትሳለም ስትቀርብ እጇን አዩ።

ቀድሜ ዘልዬ የአያቴን እንሶስላ አነሣሁ። አባ እስክጨርስ ሰሙኝ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንሶስላ ገላ ውስጥ ገብቶ የራስ ይሆናል፤ ይኸ ግን ክዳን ነው» አሉ ወደ እህቴ ዞረው። «ወደ ሥጋ ወደሙ የሚቀርብ እንደ ተፈጠረ ነው የሚቀርበው፣ ልጄ። ለሌላ ቀን ያድርስሽ። ነገ በዚህ እጅ ግን አላቆርብሽም።»

እሳቸው እንደ ወጡ ውኃ አቀረብን። የዓይኑ ቀለም በውኃ ለቀቀ፤ የጥፍሩ ግን በምን ይልቀቅ። ማስለቀቂያውን አሴቶን አላመጣሁም። ሐሙሲት ድረስ ሄጄ ስቀባ እንጂ ሳጠፋ አልታየኝም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሏት እኔው ፈንታነሽ ነኝ። ከተማ ደርሶ ለመመለስ ይመሻል፤ ብንደርስም ሱቁ ተዘግቶ ነው የሚቆየን።

እናቴ የሰርጉን አረቄ አመጣች። ብንፈትገው ብንፈትገው ቀለሙ ንቅንቅ አላለም፤ ሙሽራይቱ ብቻ ሲጠጣ እንዳደረ ሰው ሸተተች። በሎሚ ሞከርን። ጨንቆኝ ምላጭ ባነሣ እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ፤ ደም የሚፈሰው ሰው እንደማይቆርብ ማን አጥቶት። ደም ቢወጣት ጨርሶ አለቀልን።

ሠናይት አላለቀሰችም። ያ ነው የባሰብኝ።

እንደዚያ ሆኜ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሹሩባ በተማርኩበት ፀጉር ቤት አሴቶን ሲያልቅ፣ ሴትዮዋ በደረቀው ቀለም ላይ ርጥብ ቀለም ደርባ ሳይደርቅ ቶሎ ትጠርገው ነበር፤ አዲሱ አሮጌውን ይዞት ይወጣል። እሾህን በሾህ ማለት ነው። አንዷን ጥፍር በቀዩ ሞከርኩ፤ ደርቤ ወዲያው በጥጥ ስስበው የጥፍሯ መልክ ብቅ አለ። በደስታ እናቴን አቀፍኳት። ደስታዬ ግን እስከ ሦስተኛዋ ጥፍር ነበር፤ አንዷን ጥፍር ለማጥራት አራት አምስቴ መደረብ ግድ ነው፤ ጠርሙሶቹ ደግሞ ትናንሾች ናቸው።

ቀዩ አለቀ። አረንጓዴው አለቀ። ያን ያህል የተንከራተትኩበትን ቀለም በገዛ እጄ በጥጥ እየጠረግሁ ጣልኩት። ቢጫዋን ለመጨረሻ አቆይቼ ነበር፤ ሁለት ጥፍር ሲቀር እሷንም ከፈትኳት። እጄ ዘገየብኝ። ሠናይት እጇን እስክጨርስላት እንደ ዘረጋች ነበር።

«ጨርሺው እቴ» አለችኝ። «ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ይበቃኛል ስትል አላመንኳትም። ያን ጊዜ እኔ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩትም ሠፈሩ እስኪሰማኝ ነው። ጀንበር ሳትጠልቅ አሥሩም ጥፍር ጠራ።

እሑድ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆምን። ሠናይት ነጭ ለብሳ፣ ካባዋን ደርባ፣ እንደ ተፈጠረች ሆና ቀረበች። እኔ ከኋላዋ የካባዋን ጫፍ ይዣለሁ። ሽማግሌ ሲላክም ቃል ሲታሰርም ከተማ ስለነበርኩ ሙሽራውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ በስልክ የተላከልኝ ፎቶም ግማሽ ፊቱ በጃንጥላ የተጋረደ ነበር። አክሊል ሊደፋለት ቀና ሲል አየሁት። የሐሙሲቱ ሰውዬ ነው። ኮፍያው ቢወልቅም፣ ያ ቢጫዋን የለቀቀልኝ ፈገግታው ያው ነው። የካባው ጫፍ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለት ቀን ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሙሽራ ሊያመጣ ሦስት ቀን የቀረው ዲያቆን የጥፍር ቀለም የሚገዛው ለማን ነው? እህቴ ነጭ በነጭ ሆና ሄዳ፣ ሰማያዊዋን የምትቀባ ማን ናት? ለእናቴ ብነግራት ሰርግ ቤቱ ይናጋል፤ ዝም ብል እኔ እፈነዳለሁ። ሰኞ ከተማ ወርጄ ሁለት ጠርሙስ አሴቶን ገዛሁ። ለምን እንደ ገዛሁት እንኳ አላውቀውም፤ ንዴት ነው የገዛው።

ለመልስ በሦስተኛው ቀን መጡ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ገቡ፤ በግ ታረደ። ሠናይት ደህና ትመስላለች፤ ግን እኔ የምፈልገው ደህና መምሰሏን አይደለም። ምሕረትአብ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ተከትዬ ሄድኩ። ማስታጠቢያውን ይዤ ውኃውን ሳላፈስለት ቆምኩ።

«ሐሙስ ሐሙሲት የገዛኸው ሰማያዊ ለማን ነው?» አልኩት።

ሠናይት ለካ ፎጣ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። እሱ እኔን አይቶ እሷን አየ፤ እንደ ሐሙሱ ቀን እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ እጁን ከጋቢው ሥር ከትቶ ያቺን ጠርሙስ አወጣ። አልተከፈተችም።

«ቃል ሲታሰር አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ» አለኝ። «የደብራችሁ የገብርኤል ክንፍ ምን ዓይነት ሰማያዊ ነው አለችኝ። ልነግራት ብል በአፌ አቃተኝ። ይቺን ከገዛሁ በኋላ ሥዕሉ ሥር ይዤ አስተያየሁት፤ ራሱ ነው። ሳንቆርብ ብሰጣት ታጓጓታለች ብዬ ለመልስ አቆየሁት።»

እህቴ ጠርሙሷን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሣቻት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ቄስ ስትሆንስ?»

«ስትቆርቢ እናጠፋዋለን» አላት። «ከዚያ የሚተርፈው ቀን ብዙ ነው።»

ውኃውን መሬት ላይ እንዳፈሰስኩት ያወቅሁት እግሬ ሲርስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ያማሁትን ሰው ይቅርታ እንኳ ሳልለው፣ ያን አሴቶን ሮጬ አምጥቼ በእጁ አስያዝኩት። እሱም ጠርሙሱን አገላብጦ አየውና ሳቀ።

«እቴ ፈንታነሽ፣ በገብርኤል ራስ ዙሪያ ያለው ብርሃን ቢጫ ነው» አለኝ። «እሷን ግን አንቺ ወሰድሽብኝ። አለች?»

ቢጫዋ በምን እንዳለቀች እህቴ አልነገረችውም ነበር። ጓዳ ገብቼ፣ መጣል አቅቶኝ በመሐረብ ቋጥሬ ካስቀመጥኳቸው ባዶ ጠርሙሶች ቢጫዋን አወጣሁ። ሠናይትን ዳሱ ሥር አስቀምጬ ዘጠኙን ጥፍር በሰማያዊ ቀባሁላት። ለዓይኗም ከሣጥኑ ደማቁን ሁሉ ሰጠኋት፤ ሚዜዎቹ መጨፈራቸውን ትተው ያያሉ፣ እናቴ እልል ትላለች። ከዚያ ቢጫዋን በክዳኗ ዘቅዝቄ ጥቂት ጠበቅሁና ሥሯን በክብሪት እንጨት ጫርኩ።

ለትንሿ ጣት በቃች።