የእምዬ ትርንጎ ስመ ክርስትና

«ስመ ክርስትናዋ ማነው?» አሉ ቄስ አላምረው፣ መጽሐፈ ግንዘቱን በግራ እጃቸው እንደያዙ ዜማውን አቋርጠው።

ጥያቄው ለመሪጌታ ክንዱ ነበር። በነጭ ኩታ ተጠቅልላ በቃሬዛ ላይ ያረፈችው አያቱ ትርንጎ ናት። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ስለ ሞተች ጡት ሳይጠግብ ተረክባ ያሳደገችው እርሷ ናት፤ ከእርሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። ስለዚህ ካህናቱም የመንደሯ የጠዳ ገበሬዎችም ወደ እርሱ ዞሩ።

ክንዱ አፉን ከፈተ፤ ስሙ ግን አልመጣም። በልቡም ኖሮ አያውቅም። እርሱ «እምዬ» እያለ አደገ፤ አገሩም «ትርንጎ» ይላታል። ስሟን የሚያውቁት የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ሚካኤል ጣሊያን ጎንደር በገባ በዓመቱ ከአርበኞች ጋር ወደ ጭልጋ በረሃ ወርደዋል።

«መሪጌታ፣ ሬሳ እኮ ቆሟል» አሉ ቄሱ።

«ወለተ ማርያም» አለ ክንዱ። በአገሩ የሚበዛው ስም እርሱ ነበርና።

ቄሱም «አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ማርያም» ብለው ነፍሷን እንዲያሳርፍ እየለመኑ ቀጠሉ። ያ ስም በተጠራ ቁጥር ክንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥል ነበር።

ከቀብር መልስ ሰዉ ዳስ ውስጥ ተቀመጠና የሟች ሥራ ይነሣ ጀመር።

«እንዲያ ያለ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም» አለ ጎረቤቷ አያ በላቸው። «በጾም ስትፈትል፣ በፍስክ ስትፈትል! አንድ ቀን ‹ትርንጎ፣ እረፊ እንጂ› ብላት፣ ‹መቃብር ገብቼ ምን ሥራ አለብኝና ከአሁኑ አርፋለሁ?› አለችኝ።»

ሐዘንተኛው በእንባው መካከል ፈገግ አለ። ክንዱ ግን አልሳቀም። ጋይንት ዜማ ሊማር በሄደባቸው ዓመታት አያቱ ፈትሏን ሸጣ፣ ድርቆሽ በአቅማዳ አዝላ፣ ያን ሁሉ ቀን መንገድ በእግሯ ትመጣለት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን የመገበሪያ ስንዴ አርባ ዓመት ፍሬ በፍሬ የለቀመችውም እርሷ ናት፤ ዓይኗ ከደከመ በኋላ እንኳ በጣቷ እየዳሰሰች ጠጠሩን ታወጣ ነበር። በዚያ ድካም የተማረው ልጅ ዛሬ ጣሊያን በአዘዞ መንገድ ለሚያሠራቸው ሰዎች ስም ጠሪ ሆኗል። የሦስት መቶ ሠራተኛ ስም ከነአባቱ በቃሉ ያውቃል።

ከትርንጎ ጋር ሠላሳ ዓመት አብራ የፈተለችው አየለች መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ወለተ ማርያም መሆኗን እኔስ አላውቅም ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምነው ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረች?»

አየለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀጠለች።

«ያንተን ግን አውቀዋለሁ። ኃይለ ጊዮርጊስ አይደል? እንዝርቷን ባሾረች ቁጥር ‹ኃይለ ጊዮርጊስን አስበው› ትል ነበር። እኔማ ሲሰለቸኝ ‹አንቺ ሴት፣ እግዜር እኮ አልደነቆረም!› እላት ነበር።»

ክንዱ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ጥቂት እንደ ቆየ ተነሥቶ ካህናቱ ወደ ተቀመጡበት ሄደ።

«አባ፣ በሬሳዋ ፊት ዋሽቻለሁ። ስሟን አላውቀውም።»

ቄስ አላምረው ግራ ቀኙን ተመለከቱ። «ቀስ በል፤ ሰው ይሰማሃል። እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል፤ እርሱ በስም አይሳሳትም።»

«እርሱስ ያውቃታል፤ የማላውቃት እኔ ነኝ። አባ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ወርጄ እጠይቃለሁ። በሣልስት ባልደርስ ፍትሐቱን እስክመጣ ያቆዩልኝ።»

«የምትለውን ታውቀዋለህ? ነገ ማለዳ ስም ጠሪው ሲጠፋ ጣሊያን ዝም ይላል? አርበኞቹስ የጣሊያን ጸሐፊ ሲያዩ እልል ብለው የሚቀበሉህ መሰለህ?»

«እውነትዎን ነው፤ ላይቀበሉኝ ይችላሉ።»

የሠራተኞቹን ስም የያዘውን ደብተር ከኮቱ ኪስ አውጥቶ መደቡ ላይ ተወው። ከዚያም ወደ ሐዘንተኛው ዞሮ፣ ድምፁን ሳይሸሽግ፣ «ዛሬ ስሟ የተጠራው ሴት እምዬ አይደለችም። ስሟን ሳልጠይቃት ሞተችብኝ» አለ። አያ በላቸው ራሱን ዝቅ አደረገ።

አየለች ወደ ጓዳ ገብታ አንድ አቅማዳ ይዛ ወጣች። «ራሷ ያደረቀችው ድርቆሽ ነው። ለመንገድህ ይሁን። በል፣ በመጣህባት በቅሎ ላይ ልጫንልህ።»

«በቅሎዋ የጣሊያን ናት፤ እዚሁ ትቅር» አለ ክንዱ፤ አቅማዳውንም በጀርባው አዝሎ በአይከል በኩል ወደ ጭልጋ በሚወስደው የእግር መንገድ ወጣ።