ናፍቆትም እንዳይቀር

«ሚሊዮን በኦፕራሲዮን ቀረ።»

እትዬ መንበረ ይህችን ወሬ በቀን ሁለቴ ሳታወራ አትውልም ነበር። አቮካዶና አናናሷን የምትዘረጋው እኔ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ናፍቆት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካየቻት ደግሞ ሦስተኛ ትጨምርበታለች።

«ወናጎ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ። እጁ እንደ እናንተ። በኦፕራሲዮን ቀረ። ናፍቆትም እንዳይቀር!»

«ናፍቆት ሴት ናት፣ እትዬ። ‹እንዳትቀር› ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ እንዳይቀር» ትላለች።

አማርኛን ያወቀችው ገበያ ላይ ነው። ወንድና ሴት ትደባልቃለች፤ «በ» እና «ከ» ለእሷ አንድ ናቸው። «ዛሬ ከባጃጅ መጣሁ» ስትለኝ «ወድቀሽ ነው?» እላታለሁ፤ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ይስቃሉ። እኔ ዲላ ተወልጄ አድጌ ጌዴኦኛ ከሰላምታ አላልፍም፤ ይህን ግን ማንም አይጠይቀኝም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አማርኛ ነው። የማመልከቻ ረቂቅ፣ የክስ ወረቀት፣ ዶሮ የጫረው የሚመስል የእጅ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ፤ «በ» ይሁን «ከ» ባለቤቱ ራሱ ያልለየውን እኔ እለያለሁ። በዚህ ማንም አይችለኝም።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ናፍቆት ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሆኗት ነበር። ሁለታችንም አጭር ነን፤ የሁለታችንም ጣቶች ተቆልምመው አይዘረጉም። የኔን ሰው ሁሉ «ከኪቦርድ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያው እል ነበር፤ በሥራ የተጎዳ እጅ ያኮራል። ናፍቆት ግን ኪቦርድ ነክታ አታውቅም። እስክሪብቶ ከእጇ ይወድቃል። የዩኒፎርሟን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። የጣቶቿን ጫፍ እየነከሰች ታደማለች፤ «አያምሽም?» ስላት ጣቷን የሌላ ሰው ይመስል አገላብጣ ታያለች።

ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዎቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያስጽፉኝ የመመረቂያ ጽሑፎች ናቸው፤ ባለቤቶቹ ሳያነቡት እኔ አነበዋለሁ። አንድ የጤና ተማሪ ባመጣልኝ ላይ ገጽ አርባ ሁለት ስደርስ እጄ ቆመ። የእጅ አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ወደ አውራ ጣት የሚሄደው ነርቭ በዚያ ያልፋል፤ መተላለፊያው ሲጠብ ነርቩ ይጨመቃል። ይህ በልጅ ላይ ከታየ በዘር የሚወረስ ሌላ በሽታ ይፈለግ። ልጆች ስለማያማርሩ ብዙ ጊዜ የሚደረስባቸው ዘግይቶ ነው።

«ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?» አልኩት።

«ኮፒ ነው ባክሽ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ዝም ብዬ አልጻፍኩም። ከአዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ቡድን መጥቷል ሲባል ናፍቆትን ይዤ ሄድኩ። ዶክተር ዘርዓብሩክ የሚባል የእጅ ሐኪም ተቀበለን።

«እሷ ኪቦርድ አትነካም» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

ሳቀ። «እኔም ያንኑ ልጠይቅ ነበር።»

ሰውነታችን መጥረግ ያለበትን አይጠርግም አለ፤ ጥራጊው በየመገጣጠሚያው ይከማቻል። እናትና አባታችን ሳያውቁት ተሸክመውታል፣ እነሱን አይነካቸውም፤ ከሁለቱም የወረስነው እኛ ነን። «ይህን አላድንም። አንጓውን ከፍቼ ነርቩን ማስተንፈስ ግን እችላለሁ። አንቺን ማክሰኞ፣ እሷን ሐሙስ። አንቺን እጅሽን ብቻ እናደነዝዛለን። እሷ ልጅ ናት፣ መተኛት አለባት። እንደ እሷ ያሉ ልጆች ጉሮሯቸው ጠባብ ስለሆነ ማስተኛቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለዚያ የሚሆን ባለሙያም መሣሪያም ይዘን መጥተናል።»

እኔ የሰማሁት «ጉሮሮ ጠባብ» የሚለውን ብቻ ነው። አይቼው የማላውቀው የወናጎው ሚሊዮን ፊት ለፊቴ ተጋደመ።

«ተኝቶ ያልነቃ አለ?»

«በእኔ እጅ የለም።»

«በሌላ ሰው እጅስ?»

«አደጋ የለውም አልልሽም፣ እህቴ። ግን ይህን ተመልከቺ።» የናፍቆትን መዳፍ ዘረጋና የአውራ ጣቷን ሥር ተጫነው። ጎድጉዷል። «ሥጋው እያለቀ ነው። ካለቀ አይመለስም።»

ማክሰኞ የእኔን ቀኝ እጅ ቀደደ። እየሠራ ሳወራው «ኤልቤቴል፣ እባክሽ ሁለት ደቂቃ ዝም በይልኝ» አለኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቼን መርፌ መርፌ የሚለኝ ነገር ቆመ።

ረቡዕ መቀመጫ አጣሁ። ከሱቅ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ተመልሼ ሱቅ። ምን ፈልጌ እንደምሄድ አላውቅም። ኮንጋ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወደሚሠራው አባቴ ደወልኩ። «አንቺ ካልሽ እሺ ነው፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ቃል ሳምንት እኮራባት ነበር።

እትዬ መንበረ አቮካዶዋን ትታ ተነሣች። «ነገ ናፍቆት ነው?»

«አዎ።»

በፋሻ የታሰረውን እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «ሚሊዮን በኦፕራሲዮን ቀረ። እጁ አለቀ። ናፍቆትም እንዳይቀር። እንዳይቀር ልጄ!»

እጄን መነጨቅኩ። «እትዬ፣ አንቺ ሰው በቁሙ መቅበር ነው ሥራሽ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔ ምን ልትል እንደፈለገች አልጠየቅኩም። ተጠያቂ እንጂ ጠያቂ አልነበርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ናፍቆት ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ምግብ እንዳትቀምስ ስለተነገራት ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም።

«እንሂድ፣ ኤልቢ።»

«ቆይ።»

የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ። ነጠላዬን ለበስኩ፣ አወለቅኩ። ባጃጁ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ወጥቼ «ሂድ» አልኩት። ከዚያ ዳቦ ቆርሼ ለናፍቆት ሰጠኋት። የበላ ሰው እንደማያስተኙ አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ።

ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች። «ፈራሽ አይደል?»

«እኔ የምፈራ እመስላለሁ? ብዪ።»

በላች። ዳቦውን የያዘችው በሌባ ጣቷና በመሐል ጣቷ መካከል ነበር፤ አውራ ጣቷ ከጎን ዝም ብሎ ቆሟል።

እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ስደርስ እትዬ መንበረ «ቀራችሁ?» አለችኝ።

«ቀረን። ደስ ይበልሽ።»

ጭኗን መታች። በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለች፤ አናናሷን በጆንያ ሰብስባ ገና በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤቷ ሄደች። አፍራ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሊዮንን ወሬ አንስታው አታውቅም። አፏን ያዘጋሁት እኔ ነኝ ብዬ ተጎማለልኩ።

ናፍቆትን ሐዋሳ እወስዳታለሁ አልኩ። ክረምት ነው አልኩ፤ ፈተና ደርሷል አልኩ፤ የማልለው አልነበረም። ቡድኑ ተመልሶ የመጣው ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። በዚያ መሐል ናፍቆት መጻፍ ትታ ነበር፤ የጓደኛዋን ደብተር ፎቶ ኮፒ የማደርግላት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሌላ ማምለጫ ሳጣ ወሰድኳት። ሳያስተኟት በፊት በር ላይ ጥፍሬን ሁሉ ጨረስኩ። ተኛች፤ ሁለቱንም አንጓዎቿን ከፈቱ፤ ነቃች። ነቅታ የጠየቀችው ዳቦ ነው።

ዶክተር ዘርዓብሩክ በኮሪደሩ ላይ ጭንብሉን አውርዶ ቆመ። «ጣቶቿን መንከስ ታቆማለች። ሕመሙም ይቀንሳል። አውራ ጣቶቿ ግን…» አልጨረሰውም። ጨዋ ሰው ነው። የጨረስኩለት እኔ ነኝ፣ «አይመለሱም» ብዬ።

እውነቱን ነው፣ ጣቶቿን አትነክስም። የዩኒፎርሟን ቁልፍ ግን ዛሬም የምቆልፍላት እኔ ነኝ፤ በደህናው እጄ።

ባለፈው ወር አንድ ቀጭን፣ አጭር ወጣት ወደ ሱቁ ገባ። የታጠፈ ወረቀት ይዟል፤ በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ መካከል። አያያዙን ሳይ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ።

«ማመልከቻ ነው፣ ለሆስፒታል። ለሚመጣው ዙር እንዲመዘግቡኝ» አለ። «ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ፣ ካልተነበበ ይቅርታ።»

«ያልተነበበልኝ ጽሑፍ የለም። ስም?»

«ሚሊዮን።»

«ከየት?»

«ከወናጎ።»

እትዬ መንበረ ከደጅ ገባች። አናናስ መርጣ፣ ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ልጁን ሁለት ጉንጩን ስማ ሰጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዓመት በላይ ያላነሣችውን፣ በዚያችው አማርኛዋ፣ አንድ ፊደል ሳትቀይር።

«ሚሊዮን ነው» አለችኝ። «በኦፕራሲዮን የቀረ።»

ልጁ ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ዶሮ የጫረው የሚመስል ነው፤ የመጀመሪያዋ መሥመር ላይ ያለችው ፊደል ግን አታጠራጥርም፣ «ከ» ናት።

«ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት ስሜ ሲጠራ ፈርቼ ከኦፕራሲዮን በመቅረቴ…»