ስሙ ሲጠራ

ቲቲ ከመግባቷ በፊት ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጡት ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። በሰፈራቸው በፍሩትቬል ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ፋንታዬ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሳን ሆዜ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ተገኘ ከጎኗ ነው። መካከለኛው ወንድማቸው ሳህሉ ዛሬ ጠዋት ተቀብሯል።

ጎረቤታቸው ቲቲ መርዶውን የሰማችው ገና ከሥራ ስትወጣ ነው። በሩን እንዳለፈች ደረቷን መታች።

«ሳህሉ! ወንድሜ ሳህሉ!»

«አቤት» አለች ፋንታዬ።

ድምጿ ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር። ሳህሉ ሲጠሩት ልክ እንደዚያ ነበር የሚመልሰው። ቲቲ ባለችበት ደርቃ ቀረች። አዛውንቱ ጋሽ ቡልቻ አማተቡ።

«እንቅልፍ አጥታ ነው» አለ ተገኘ ለሰዉ፤ ክንዷን ይዞ ወደ ኩሽና አስገባት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? በሙት ስም አቤት ይባላል?»

«አፌ ለምዶ ነው፣ ጋሼ። እሱ ነው ያለማመደኝ።»

ሳህሉ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሰሌዳ በማጉያ መነጽር እየመረመረ ቀኑን የሚያሳልፍ ሰው ነበር። የሳንባው ሕመም ሲጠናበት አንድ ቅዳሜ እዚሁ ኩሽና ውስጥ አስቀመጣት።

«ፋንቲ፣ ራሴን ባላውቅ ዶክተሮቹ የሚጠይቁት አንቺን ነው። ውክልናውን ላንቺ ሳይን አደርጋለሁ።»

«ጋሼ እያለ?»

«ጋሼ ያለቅሳል። እያለቀሰ የመተንፈሻ ማሽኑ ይቆይለት ይላል። እኔ ደግሞ በማሽን መቆየት አልፈልግም። በይ እንሞክረው፤ እኔ ተኝቻለሁ፣ አንቺ እኔን ሁኚ። ሳህሉ!»

ራሷን ነቀነቀች።

«ሳህሉ!»

እስክትመልስ ደጋገመው። በመጨረሻ «አቤት» ስትል ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። «እንደሱ። ስትፈሪ እኔ የተናገርኩት አድርገሽ ቁጠሪው።»

በሳምንቱ በርክሌ ሄደው ምስክሮች ፊት ፈረሙ።

ፋንታዬ ስትነግረው ተገኘ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ።

«እና ሆስፒታል ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ማሽኑ ይነሳ ወይ አሉኝ። ይነሳ አልኩ።»

«በፔጀር ስትጠሪኝ እኮ መንገድ ላይ ነበርኩ! ስደርስ ራሱ አረፈ አልሽኝ!»

«ብትደርስ ታስቀራቸው ነበር።»

«ውክልና ለቤት ነው፤ ለመኪና ነው። ለነፍስም ይሰጣል እንዴ?»

«እዚህ አገር ይሰጣል። እሱም ሰጠኝ።»

ተገኘ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይነሳ ያልሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ክፍሉ ውስጥ የሰማሁት የሱን ድምፅ ነው። ሲሞት ውክልናው ያበቃል ብለውኝ ነበር። ድምፁ ግን አልሄደም።»

ተገኘ ከኩሽናው ወጣ። ወደ ፍራሹ አልተመለሰም፤ በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም አላናገራትም። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ፋንታዬ «አቤት» እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትጠቀጥቅ ነበር። የሳህሉ ስም በተጠራ ቁጥር የሰዉ ዓይን ወደሷ ይዞራል። ቲቲ ከእንግዲህ አጠገቧ አልተቀመጠችም።

በሰልስቱ ጸሎቱ እንዳለቀ ተገኘ ከወንበሩ ተነሳ። ሰዉ እያየው መጥቶ ፍራሹ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ነጠላውን ከአፏ ቀስ አድርጎ አወጣው።

«በቃሽ፣ ፋንቲ» አለ በሹክሹክታ። «የሰጠሽን አድርሰሻል። አሁን እኔ ልጥራው። አንቺ አትመልሺ፤ ከቻለ ራሱ ይመልስ።»

መዳፉን ጉሮሮዋ ላይ አሳረፈ።

«ሳህሉ!»

ጉሮሮዋ ከመዳፉ ሥር ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቆመ። ባቡሩ አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጭተው ዝም አሉ። ተገኘ ጆሮውን ሰጥቶ ጠበቀ።

«ሳህሉ!» አለ እንደገና፤ እንባው መውረድ ጀምሮ ነበር።

የመለሰ አልነበረም።