በዳቦ መኪናው ውስጥ የነበረችው ሴት

“እሺ ይበልጣል ከሺ” የሚለውን ተረት እንደ እሷ በሥራ ላይ ያዋለ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። መጋረጃ ሰፊ ናት። ባሏ በሩን ክፈቺ ቢላት እሺ፣ የከፈትሽውን ዝጊ ቢላት እሺ። ጎረቤቱ ስሟን ትቶ “እሺዬ” ይላታል። ቧንቧ ሠራተኛው ባሏም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለምዶት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ሊጠግን ወጣ። እሷ የደንበኛ ሰማያዊ መጋረጃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ስትሰፋ፣ ከላይ ኮቴውን እንደ እንቅልፍ ዜማ ትሰማዋለች። ኮቴው ጠፋ። በመስኮቱ በኩል ጥላ አለፈ፤ ወፍ መስሏት ቀና እንኳ አላለችም። ከዚያ ግቢው ሲሚንቶ ላይ አንድ ከባድ ነገር አረፈ።

በጎኑ ነበር የወደቀው። “ደህና ነኝ፤ ደም የለም” አላት። እውነትም አንዲት ጠብታ አልነበረችም። ግን ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፣ ግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ብሽሽቱን የያዘበትን እጁን አልለቅ አለ።

አምቡላንስ ስትጠራ ስልኩን ያነሳችው ነርስ ያየችውን ሁሉ ጠይቃ ከሰማች በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ ታናግራት ጀመር። “እህቴ፣ የዳሌው አጥንት ሳይሰበር አይቀርም። ደም አለመታየቱ አያዘናጋሽ፤ ወደ ውስጥ ይፈስ ይሆናል። ሰፊ ጨርቅ አለሽ?”

ለካ መጋረጃውን ይዛው ወጥታለች።

“ወገቡ ላይ እንዳይመስልሽ። ከቀበቶው ዝቅ ብሎ፣ የጭኑ አጥንት በጎን ጉብ የሚልበት ላይ። ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፤ ጉልበቶቹንም አንድ ላይ። አታገላብጡት፣ ቁጭም አታድርጉት። ሐኪም እስኪያየው እንዳትፈቺው። ቢለምንሽም።”

አምቡላንሱ ሩቅ ስለነበር ነርሷ የተገኘው መኪና ያምጣው አለች። የጎረቤቱ ዳቦ ቤት ሾፌር እየሮጠ መጣ። መጋረጃውን አጥፈው በሥሩ አሳለፉት፣ ግራና ቀኝ ሆነው ጎተቱ፣ ቋጠሩት፤ ከዚያ በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ሳንቃ ላይ አድርገው መኪናው ውስጥ አስገቡት።

ውስጡ ገና ትኩስ ዳቦ ይሸት ነበር። በጣሪያው ሽንቁር የገባው ብርሃን መኪናው በታጠፈ ቁጥር በባሏ ላይ ይዋኛል፤ ሰማያዊው ጨርቅ አንዴ ውሃ፣ አንዴ ሰማይ ይሆናል። መንገዱ ማለቂያ አልነበረውም። እውነት ነው ወይስ ስፌቷ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነው? እጇን ቆነጠጠች፤ አመማት።

“ፍቺልኝ” አለ። “አጥንቴን ፈጨኝ።”

ላቡን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

“ባክሽ... እማዬ፣ ወንዙ በረደኝ። ገመዱን ፍቺልኝና ልውጣ።”

እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል። እጇ ሳታዘው ቋጠሮው ላይ ሄዶ አረፈ፤ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ምን ይፈረድበታል? ብትፈታው ይሞታል። ባትፈታው ደግሞ እንዲሁ ቢሞትባት፣ የመጨረሻ ቃሉ ልመና፣ የመጨረሻ መልሷ እምቢታ ሊሆን ነው።

“አይሆንም” አለ አንድ ድምፅ። ሌላ ሴት የገባች መስሏት ዞር አለች። የዳቦ ሳጥን ብቻ ነው ያለው።

ለመናት፣ ተሳደበ፣ አለቀሰ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች፤ ከእሱ ይበልጥ ያለቀሰችው ግን እሷ ናት።

ሆስፒታል ደርሰው ደም ተሰጠው፣ መድማቱ ቆመ፣ ሲበረታ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ሲያስረዳት፣ “የጭኑ አጥንት እንደ ዘነዘና ነው፤ የተቀመጠበት ሙቀጫ ነው የተሰነጠቀው። በብረትና በብሎን ገጥመነዋል። ግን ሦስት ወር ሙሉ በዚያ እግር ክብደቱን እንዳይጥል። አንዴ ከረገጠበት የገጠምነው ይላቀቃል” አላት።

ቤት ገብቶ ጠያቂ ሲመጣ የባሏ ወሬ አንድ ሆነ። “መኪናው ውስጥ አንዲት ጨካኝ ሴት ነበረች። ፊቷን አላየሁም። እንደ ውሻ ብለምናት አሻፈረኝ አለች። እሺዬ ብትኖር ኖሮ ትፈታኝ ነበር።” ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል። እሺዬ ሻይ ትቀዳለች፤ እኔ ነኝ ብትለው የሚጠላት ይመስላታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች።

ሦስት ወሩ ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

“እሺዬ፣ ጫማዬን አምጪልኝ። እስከ መስኮቱ በእግሬ ልሂድ፤ ሐኪሙ እንደሆነ አያየኝ። እጅሽን ስጪኝ።”

“አይሆንም” አለች።

እንደ ተዘረጋ እጁ አየር ላይ ቀረ። ዓይኖቹን ጨፈነ፤ የሰማውን ድምፅ ሩቅ ቦታ ሄዶ የሚፈልገው ይመስል ነበር።

“አንቺ ነሽ” አለ ቀስ ብሎ።

“እኔ ነኝ።”

“ስለምንሽ ሁሉ ትሰሚኝ ነበር?”

“አንድም ቃል አላመለጠኝም።”

ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። “በሰው ፊት ጨካኝ እያልኩ ሳማሽ፣ ዝም ብለሽ ሻይ ትቀጂ ነበር።”

“የምታወራው እውነት ነው። እሺዬ ብትኖር ትፈታህ ነበር” አለች። “ዛሬ አንተም አትኖርም ነበር።”

ክንዱን ከፊቱ አወረደ። እግሩን አልጋው ላይ እንድትመልስለት ጠየቃት፤ ከጉልበቱ ሥር ደግፋ፣ ቀስ አድርጋ አነሳችለት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሲጠይቃት፣ መልሷን ይጠብቃል።