የተፋቀው ስንጥቅ

ኃይለጊዮርጊስ ውሃ የሚፈልገው መሬት እየቆፈረ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ነበር። ነቀምቴ በሚገኘው የውሃ ጥናት ክፍል፣ ከሥሩ አምፖል የበራበት የመስተዋት ጠረጴዛ አለ። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የተላከውን የሳተላይት ፎቶግራፍ ይዘረጋና ግልጽ ፕላስቲክ አንድ በአንድ ይደራርብበታል። በአንዱ ፕላስቲክ ላይ የዐለቱ ዓይነት፣ በሌላው ተዳፋቱ፣ በሌላው ወንዞቹ ተስለዋል፤ በመጨረሻው ላይ ደግሞ ዐለቱ የተሰነጠቀበት፣ ውሃ የሚሰርግበት መስመር አለ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲደመር የከርሰ ምድር ውሃ የት ሊኖር እንደሚችል ይታወቃል። ብዙ ነጥብ ያገኘውን ሰማያዊ፣ ጥቂት ያገኘውን ቢጫ ይቀባል። «ሊኖር እንደሚችል» ነው እንግዲህ፤ አለቆች ግን ቀለም ካዩ «ሊ»ውንም «ሚ»ውንም ረስተው ውሃ አለ ይላሉ።

በ1978 ጥር ወር የመንደር ምሥረታው ኃላፊ ጓድ መሸሻ ወደ ቢሮው ብቅ አለ። ከሸዋ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣ፣ ቁጡ ሳይሆን ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ትዕግሥቱ ነበር የሚያስፈራው። ከጉቴ ከተማ በላይና በታች ያሉት ሦስት ቀበሌዎች አንድ ቦታ ሊሰፍሩ ስለሆነ ውሃ ያለበት ቦታ በሁለት ሳምንት ውስጥ በካርታ ይቅረብልኝ አለና ሄደ።

ኃይለጊዮርጊስ ፎቶግራፉን ዘረጋ። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ለምለም ቅጠል ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። አገሩ በሙሉ በበጋ ገርጥቶ ሳለ፣ ከጉቴ በላይ ካለው ጋራ ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ ፍም መስላ ቁጭ ብላለች። የማን እንደሆነች ማንም ሊነግረው አላስፈለገም፤ ከደጁ ምንጭ የምትጠጣው የአማቱ የኦቦ ደረሳ ቡና ናት። የዐለቱ ስንጥቅ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ተስቦ ልክ በሥሯ ያልፋል። የቦታውን ነጥብ ደመረ፤ ሃያ አንድ። ከታች ያለው ሜዳ ዐሥራ አራት አገኘ። ሌላ የሚረባ ቦታ አልነበረም።

ባኬ ጃማ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለብርቄ ነገራት። ብርቄ የደረሳ ሴት ልጅ ናት፤ ቆማ ሰማችው።

«አራት መቶ አባወራ እዚያ ከሰፈረ አንድ እግር ቡና አይተርፍም» አላት።

«እንዳያዩት አድርግ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«አባዬ ቆጣሪ መጣ ሲባል ደህናውን በሬ ጫካ ያስገባል፤ ከሲታውን ደጅ ያስራል። ያገሩ ሰው ሁሉ እንዲህ አይደል የሚያድረው? አንተም ውሃውን ደብቅለት።»

እውነቷን ነው፤ በዚያ ዘመን መንግሥት ያየው ደህና ነገር ሁሉ የባለቤቱ ሆኖ አይቀርም ነበር። ማር ያለው ማር የለኝም፣ ጎተራው የሞላው ባዶ ነው ይላል፤ ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ኃይለጊዮርጊስም አባቱ ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ ይሁኑ እንጂ እሱ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ ልማዱን ያውቀዋል። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ ስንጥቁን ከፕላስቲኩ ላይ ፋቀው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ምልክት አልተወም። የደረሳ ጋራ ከሃያ አንድ ወደ ዐሥራ አንድ ወርዶ ቢጫ ሆነ። ሜዳው አንደኛ ወጣ። ከሜዳው ግርጌ «በመሣሪያ ተቆፍሮ ሳይረጋገጥ ሰው እንዳይሰፍርበት» ብሎ ጻፈና እፎይ አለ።

ጓድ መሸሻ ካርታውን ግድግዳ ላይ አሰቅሎ ተመለከተው። ግርጌ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ፣ «ሕዝብ የሚያደናግር ነገር አንጽፍም» አለና በመቀስ አስቆረጠው። ከዚያ ጣቱን በቢጫው ላይ አሳረፈ።

«እነዚህ የተጠሙ ናቸው። በመጀመሪያ እነሱ ወደ ሜዳው ይውረዱ።»

ኃይለጊዮርጊስ ይህን አላሰበውም ነበር። የሌለውን ሰው ይተዉታል እንጂ ለሌለው ያዝናሉ ብሎ በሕልሙም አልጠረጠረም። «ጓድ፣ እዚያ እንኳን አንዲት ምንጭ ሳትኖር አትቀርም» አለ።

«ካርታህ ላይ የለችም። ካርታው ተሳስቷል ነው የምትለኝ?»

ባለፈው ዓመት ከጎኑ ይሠራ የነበረው ዘነበ አንድ የጉድጓድ ጥልቀት አሳስቶ ጻፈ ተብሎ፣ «አሻጥረኛ» የሚል ስም ወጥቶለት በላንድሮቨር ተወስዷል። ወንበሩ እስካሁን ባዶ ነው።

«የለም፣ ጓድ። ካርታው ልክ ነው።»

የደረሳ ቤት በመጋቢት ፈረሰ። ማገሩንም ቆርቆሮውንም በትከሻ ተሸክመው ወደ ሜዳው ወረዱ። ቡናው ጠባቂ አጣ፤ ወደ ምንጯ የሚያወጣው መንገድ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ቆሙ፤ ወደ ቀድሞ ቦታ መመለስ ክልክል ነው። ውሃ ቆፋሪው መሣሪያ ይመጣል ሲባል ቆይቶ ለድርቁ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ። ሰዉ ከብቶች ከሚያንቦጫርቁት ኩሬ መጠጣት ጀመረ። በሚያዝያ ተቅማጥ ገባ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ሕፃናት ተቀበሩ። ኃይለጊዮርጊስ ቁጥሩን የሰማው ቢሮ ውስጥ፣ እርሳስ እየቀረጸ ነው። እጁ መቅረጹን አላቆመም፤ ሲያስበው ያሳፈረው ይኸው ነው።

ጓድ መሸሻ ጉድጓድ በእጅ ይቆፈር ብሎ አዘዘና ቦታውን እንዲያሳይ ኃይለጊዮርጊስን ይዞት ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ቆፋሪዎቹን ሃያ አራት ክንድ ላይ ዐለት ገጥሟቸዋል። ደረሳ ከጉድጓዱ አፍ ብድግ ብሎ ኃይለጊዮርጊስን ተቀበለው። አማች ነውና በልጁ ዕድሜ ያለውን ሰው አንቱ እያለ ነው የሚያናግረው።

«አካም ጅርቱ፣ ሶዳ ኮ» አለው፤ እንደምን አሉ፣ አማቼ ማለቱ ነው። «ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ አባቴ።»

«ሰዉ ጉልበቱ እያለቀ ነው። እንተወው ይላሉ። እኔ ግን አማቼ ከሰማይ ሆነው ያዩት ነው፣ እሳቸው አይዋሹኝም እያልኩ አቆያቸዋለሁ። ውሃው አለ አይደል?»

መሸሻ አጠገቡ ቆሟል። ኃይለጊዮርጊስ የሽማግሌውን የተሰነጣጠቁ እጆች እያየ፣ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ።

«አለ» አለ።

ደረሳ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ እጁን ጨበጠው። ያን ዕለት ማታ ዐለቱ እንዲፈረካከስ ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት አነደዱበት። በማግሥቱ ጠዋት ወጣቶቹ ታመው ስለነበር ሽማግሌው ራሱ መዶሻ ይዞ ወረደ። ፍሙ ጠፍቷል፤ የታመቀው ጭስ ግን አልወጣም ነበር። በገመድ ሲያወጡት ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ለቅሶው እዚያው አዲሱ መንደር፣ ሸራ ሥር ተቀመጠ። መሸሻም መጥቶ፣ ሟቹ በልማት ግንባር እንደ ወደቀ ተናግሮ በክብር ቦታው ተቀምጧል። ኃይለጊዮርጊስ ከአጠገቡ ነው። ከሐዘኑ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ስለሚያውቅ ራሱን ተጠየፈው። የብርቄ ወንድም ተረፋ ዓይኑ ቀልቶ መጣና ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

«ሶዳ፣ አባዬ የጀመረውን አልተውም። ዛሬ ማታ ደግሞ እናነድበታለን። ስንት ክንድ ቀረን?»

መሸሻም መልሱን ለመስማት ዞረ። «ውሃ የለም» ቢል ቀጥሎ ስለ ካርታው የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል።

«ሦስት ክንድ ቢሆን ነው» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

ተረፋ ተነሥቶ ገመዱን ሊያነሣ ሄደ። ብርቄ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ክንዱን ያዘችው። «ሂንቡኢን» አለችው፣ አትውረድ። ተረፋ ትእዛዙ የጓድ ነው፣ እኔ ባልወርድ ሌላውን ያወርዳሉ፣ ደግሞም ልጆቹ በኩሬው ውሃ እያለቁ ነው አላት። ብርቄ አልለቀቀችውም። ዞር ብላ ባሏን አየችው። ኃይለጊዮርጊስ በዓይኑ ለመናት፤ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን እንድታስብ፣ እሱን እንድታስብ። ራሱንም በጥቂቱ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሚስቱን ያወቃት መስሎት ነበር፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አይቶባት አያውቅም።

የወንድሟን ክንድ ለቀቀችና መሸሻ ፊት ቆመች። መሸሻ ኦሮምኛ አይሰማም፤ እያንዳንዷን ቃል በአማርኛ ነገረችው።

«ጓድ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ መኖሩን ማንም አያውቅም። ውሃው ያለው አባቴ መሬት ላይ ነው። ባሌ ከካርታው ላይ በምላጭ ፍቆታል። ፋቀው ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን አታውርዱብኝ፤ ሰዉንም ወደ ውሃው መልሱት።»

መሸሻ ሳይቆጣ፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና የሁለቱንም ስም ከነአያት ጠየቀ። ብርቄ ቆማ አስጻፈችው፤ መጀመሪያ የራሷን።