በሁለቱ ፍላንጆች መካከል

የነገሌው ወታደር ልጅ ልዑልቃል የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። በድርቁ ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጉድጓድ ከቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ማፍሰስ ጀመረና ሊጠግን ሄደ። ጠባቂው፣ ሽማግሌው አባ ጂሎ፣ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ተቀበሉት።

የዛጉትን ቡሎኖች ፈታ። አዲስ ለመምረጥ የሚያጣብቁትን ውፍረት ማስላት ነበረበት። የቧንቧዎቹን ጫፎች ከሚያጋጥሙት ክብ ብረቶች የላዩ ፍላንጅ ሃያ ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው ሃያ፣ መሃል የሚገባው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሦስት፤ በድምሩ አርባ ሦስት። የሮንዴላውንና የዳዶውን ውፍረት ጨምሮ ቡሎን መረጠ፤ ገጠመ። ግን የቡሎኑ ጫፍ ከዳዶው ብቅ ሳይል ቀረ። መጋጠሚያውን በካሊፐር ለካው፤ ሃምሳ አንድ።

«ቆሻሻ ገብቶበት ይሆናል» ብሎ ፈታው። ንጹሕ ነው። ለየብቻ ለካቸው፤ ሃያ፣ ሃያ፣ ሦስት። መልሶ ገጠመ፤ ሃምሳ አንድ። ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ቢያይ ፀጉር የምታስገባ ክፍተት እንኳ የለችም። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጀርባውን በረደው።

«አባ ጂሎ፣ ይህ ቦታ ድሮ ምን ነበር?»

«ኤላ ነበር፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ። ወንዶቹ ታች ሆነው እየዘፈኑ ለከብቶች ውሃ ሲቀባበሉ ተደረመሰባቸው። ወንድሜ ቦሩም እዚያው ቀረ።»

ልዑልቃል ጆሮውን ብረቱ ላይ አስጠጋ። ፓምፑ ጠፍቷል። ከታች ግን የብዙ ወንዶች ዜማ እየተቀባበለ ይወጣል። ደንግጦ ቡሎኑን በቁልፉ በኃይል አጠበቀው። ዜማው ተቋረጠ፤ አንድ ሰው ታፍኖ ሲያስል ተሰማ።

«አታጥብቅባቸው፣ ልጄ!» አሉ አባ ጂሎ እጁን ይዘው።

ልዑልቃል ላላ አደረገው። ከተማ ተመልሶ ከመለዋወጫ ሻጯ ከረሒማ ሱቅ ረዘም ያሉ ቡሎኖች አመጣና በሃምሳ አንድ ልክ፣ ሳያስጨንቅ አሰረ። ፓምፑን ሲያስነሳው ውሃው ወጣ፤ ጠብታም አልፈሰሰ። ጄሪካን ይዘው የመጡ ሴቶች እልል አሉ።

አባ ጂሎ ግን ተንበርክከው አፋቸውን ወደ መጋጠሚያው አስጠግተው ነበር። ልዑልቃል ገባውና ሴቶቹን ዝም አሰኝቶ ፓምፑን አጠፋላቸው።

«ቦሩ!» ብለው ተጣሩ።

ከብረቱ መሃል የወጣት ድምፅ በኦሮምኛ መለሰ፦ «ከብቶቹ ጠጡ ወይ?»

የአባ ጂሎ ከብቶች በዚያ በጋ አንድ ሳይቀሩ አልቀዋል። ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣

«ጠጥተዋል፣ ወንድሜ፤ ጠግበው ተኝተዋል» አሉት።